ሲሶው የነፋስ ነው

ቱርቦ የደገኛ መሣሪያ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ፍጥነትና የጎረምሳ ጥጋብ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ራሱን ያስመሰከረው ተራራ ላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያሳሰበው ሞተር ውስጥ ተቃጥሎ በጭስ የሚባክነው ኃይል ነበር፤ ሐሳቡም በዚያው ጭስ ኃይል አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ማስገባት ነው። ከ13 ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሐሳቡን ይዞ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ወጣ። ተራራው ወደ 4,300 ሜትር ይጠጋል፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ነው የሚያንሰው። ሊበርቲ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር ከባሕር ወለል አጠገብ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ተራራው ላይ 230 ብቻ ቀረለት። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ደረሰ።

ሞስ ያደረገው ነገር ፍትሕ ይመስላል። ከፍታ የወሰደውን አየር ለሞተሩ መለሰለት፤ ከዚያ በላይ የሰጠው ስድስት ፈረስ ብቻ ነው። ይኸው መሣሪያ ወደ ባሕር ዳርቻ ወርዶ አየር ያልጎደለው ሞተር ላይ ሲገጠም ግን ሥራው ይለወጣል። የሚመልሰው የተወሰደ ነገር የለም፤ የሚያደርገው ሙሉ በሆነው ላይ መጨመር ነው። ብረቱ ያው ብረት፣ ብሎኑም ያው ብሎን ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው የሚገጥመው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ አያስበውም።

እኛ የከፍታውን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ በከተማዋ ጎዳና የሚያልፍ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ሊብሬው ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩቡን ያህል እንዳጣ ይኖራል። ከመካከላቸው ለረጅም ዘመን የኖረው ቮልስ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተዋል። ራዲያተርና ውሃ አያውቅም፤ የሚያቀዘቅዘው በማራገቢያ የሚነፋበት አየር ነው። ትልቁ የቮልስ ሞተር እንኳ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ ሸገር ላይ ይኸው ወደ 40 ይወርዳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው በዚህ መኪና ነው። የዚያን ቀን ሞተሩ የሦስት ሺህ ዓመት ነው ሲባል የኖረ ዙፋን መጨረሻን ተሸክሟል። ጉልበቱ አነሰ ብሎ ያማው ሰው ግን አልሰማሁም።

ይህን ያነሳሁት ጉልበት ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት ጉልበት ለምን የሚለው እንደሚቀድም ለማስታወስ ነው። አሁን ወደ ቆላው እንውረድ።

የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከባሕር ሰላጤው ጋር ትከሻ ለትከሻ የቆመች ከተማ ናት። ከእሷ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሳን ሆዜ አለች፤ በመካከላቸው 880 የሚባለው አውራ ጎዳና ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ ይፈሳል። አካባቢው ሁሉ ዝቅተኛ ነው። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ሰማይ የነካ የሚመስለው፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ሥራ የጀመረው የሊክ የከዋክብት መመልከቻ የተሠራበት የሐሚልተን ተራራ እንኳ 1,300 ሜትር ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቆላ ነው። ደጋ ተወልዶ እዚህ የሚኖር ሐበሻ ያለ ምንም ማሽን፣ አውሮፕላን ውስጥ በመቀመጡ ብቻ፣ የሚተነፍሰው አየር በሲሶ ጨምሮለታል ማለት ነው።

እንበልና ከእነዚህ ሰዎች አንዱ፣ አዲስ አበባ ላይ የአባቱን ቮልስ እየገፋ አስነስቶ ያደገ፣ ኦክላንድ ውስጥ ያረጀ ፖርሽ 914 ገዛ። ይህን መኪና ፖርሽና ቮልስዋገን በጋራ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1976 ሠርተውታል። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ጣሪያው ይነቀላል፤ ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላው እግር ፊት ተቀምጧል። ሞተሩ የቮልስ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያው አራት ሲሊንደር፣ ያው በግራና በቀኝ መተኛት፣ ያው አየር። መጀመሪያ የወጣው ባለ 1.7 ሊትሩ 80 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሰውየው በ880 ላይ ሲነዳ ዘመናዊ የቤተሰብ መኪና በግራው በኩል ሳይጨነቅ ያልፈዋል። ያን ጊዜ ነው ቱርቦ የሚለው ሐሳብ የሚመጣው።

ሐሳቡ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ኦክላንድ በአንድ ወቅት የምዕራቡ ዲትሮይት ትባል ነበር። ዛሬ ኢስትሞንት የገበያ ማዕከል በቆመበት መሬት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1963 የሼቭሮሌት ፋብሪካ ነበረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚያ ከተገጣጠሙት መኪኖች አንዱ ኮርቬር ነው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ሲሊንደሩ ስድስት፣ ማቀዝቀዣው አየር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1962 የዚህን መኪና ቱርቦ ያለው ዓይነት ለገበያ አቀረበ። ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች አንዱ እንግዲህ ውሃ የማያውቅ ሞተር ነበረው።

ታዲያ በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ ሲገጠም የሚሆነው ምንድን ነው? ነገሩን ለማየት የጥንቱን የመሬት ሥሪት ማስታወስ ይበቃል፦ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ። ሞተርም ከቤንዚኑ የሚያገኘውን ሙቀት እንዲህ ይከፍላል፤ ድርሻዎቹ እኩል ናቸው ባይባልም ወደዚያው ይጠጋሉ። አንዱ ሲሶ ጎማ ያዞራል። አንዱ ሲሶ በማርሚታው ወጥቶ ይሄዳል። የቀረው ሲሶ በሲሊንደሩና በቴስታታው ብረት ዘልቆ፣ ሽንሽን ሆነው በተሠሩት ስስ ክንፎች ላይ ወጥቶ ለነፋስ ይሰጣል። ቱርቦ ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ማርሚታው ከሚወስደው ሲሶ ላይ ጥቂት ይቆነጥራል፤ ጭሱ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው እህቷ አየሩን ጠቅጥቃ ወደ ሲሊንደር ትከታለች። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል። ምርቱ ያድጋል።

ምርቱ ሲያድግ ግን የሦስቱም ድርሻ ነው የሚያድገው። የአራሹ ሲሶ ሲጨምር ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ የነፋሱ ሲሶም በዚያው ልክ ጨምሮ ደጅ ላይ መቆሙን ግን አናይም። የብረቱ ክንፎች እኮ ፋብሪካው ለ80 ፈረስ የቆረጣቸው ናቸው፤ አልሰፉም፣ አልበዙም።

ጉዳዩን የሚያከብደው ደግሞ ማራገቢያው ነው። በ914 ላይ ማራገቢያው የሚዞረው ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር ታስሮ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ነገር ዙርን ብቻ ነው፤ ሸክምን አያውቅም። መኪናው ሜዳ ላይ በ3,000 ዙር እየተንሸራተተ ቢሄድም፣ በዚያው 3,000 ዙር ቱርቦው እየገፋ ዳገት ቢወጣም የሚነፋው ነፋስ አንድ ነው። በሁለተኛው ጊዜ የሚቃጠለው ግን ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የድሮ የቮልስ ሹፌሮች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ ዳገት ሲመጣ ሞተሩ እስኪያቃስት አይጠብቁም፣ ቀድመው ማርሽ ይቀንሳሉ። የሚቀንሱትም ለኃይል ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ዙሩ ሲጨምር ማራገቢያው እንዲነቃ ነው። ቱርቦ ይህን ልማድ ያስረሳል። በትልቅ ማርሽ፣ በዝግተኛ ዙር፣ ያለ ማቃሰት ያወጣል። ምቾቱ ራሱ ነው አደጋው። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የሚባለው ለዚህም ይሆናል፤ የሚሰበረው ግን ዘሎ ሲወድቅ ሳይሆን ሳይታወቀው ቀስ ብሎ ግሎ ነው።

የ1.7ቱ ሞተር ሌላም የሚያስተምር ዕቃ አለው። ቦሽ የሠራው የነዳጅ ማስገቢያ ሥርዓት ስንት ቤንዚን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው በአንዲት ጡጫ በምታህል የብረት ቆርቆሮ እየተመራ ነው። በውስጧ ስስ የተዘጉ የብረት ሕዋሳት አሉ፤ ወደ ሲሊንደር በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ይነፋሉ፣ ሲጨምር ይኮማተራሉ። ይህች ዕቃ መጠኗ የተቆረጠው ከባዶ ተነስቶ በውጭ እስካለው አየር ግፊት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለእሷ የለም። ቱርቦው አየሩን ከውጭው አብልጦ ሲጠቀጥቅ ዕቃዋ «ሞልቷል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም፤ ቤንዚኑም በዚያው ይቆማል። አየር በዝቶ ቤንዚን ያነሰው እሳት ደግሞ ይበልጥ የሚግል እሳት ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለው 914 ላይ ቱርቦ የሚገጥም ሰው ብዙውን ጊዜ ይህችን ዕቃ አውጥቶ በዘመናዊ ኮምፒዩተር ይተካታል። እኔ ግን ሳስባት አዝንላታለሁ። «ሙሉ» ማለት የዓለም ዳር ነው ብላ የምታምን የመጨረሻዋ ፍጥረት ናት።

ይህን ዳር የተሻገሩት መሐንዲሶች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ባለ ስድስት ሲሊንደሩን 911 ቱርቦ ሲያወጣ ከምንም በፊት የሞተሩን መጠቅጠቂያ ልክ ቀነሰው፤ 6.5 ለ1 አደረገው። ከውጭ ብዙ ሊቀበል የፈለገ ሞተር በመጀመሪያ በራሱ የሚጨምቀውን መቀነስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ 935 በተባለው የእሽቅድምድም መኪናው ላይ ያው ኩባንያ ለአየር ያለውን ታማኝነት በከፊል ትቶ በቴስታታው ውስጥ ውሃ አሳለፈ። የኦስትሪያው ሮታክስ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሠራው፣ ቁጥሩ በአጋጣሚ 914 የሆነ ባለ ቱርቦ አራት ሲሊንደር ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ሲሊንደሩን አየር፣ ቴስታታውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ሁሉም የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ የኃይል ወሰን ያለው በመግቢያው በር ሳይሆን በመውጫው በር ነው። አየር መጨመር ቀላል ነው። የሚከብደው ሙቀትን የሚሸኝ ማግኘት ነው።

ከሁሉም ክፍሎች ግን ሰው ቆም ብሎ ሊያስብባት የሚገባት ዌስትጌት የምትባለዋ ቫልቭ ናት። ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ትከፈትና ጭሱን በቱርቦው ጎን አሳልፋ ትሸኘዋለች። ምንም አትሠራም፤ ሥራዋ ማስቀረት ነው። እሷ ባትኖር ጭስ ቱርቦን ያፈጥናል፣ ቱርቦ አየር ይጨምራል፣ አየር እሳት ይጨምራል፣ እሳት ጭስ ይጨምራል፤ ክቡ የሚቆመው ብረት ሲሰበር ነው። ኮርቬር ይህች ቫልቭ አልነበረችውም፤ ጭሱን አንቆ ግፊቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ማርሚታው ነበር። ሁለቱ «በቃ» የሚሉበት መንገድ ይለያያል። አንደኛው በቃ የሚለው ታንቆ ነው። ሁለተኛዋ በቃ የምትለው በር ከፍታ ነው። ሰውም በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው የሚቆመው፤ ወይ እስኪታመም ይሄዳል፣ ወይ ሰንበትን ያከብራል። ሰንበት ምንም የማይሠራበት ቀን ነው ሲባል ይሰማል። ዌስትጌትም ምንም አትሠራም።

የሳን ሆዜ ሰዎች ይህን ሕግ በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ጎረቤቷ ሳንታ ክላራ ላይ ያለው ኢንቴል ለብዙ ዓመታት የኮምፒዩተር ቺፕን ፍጥነት ዓመት በዓመት ሲያሳድግ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ያቀደውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ የሚወጣበት አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተቀየረ፤ አንዱን አእምሮ ከማፍጠን ይልቅ ብዙ አእምሮዎችን ረጋ ባለ ፍጥነት አንድ ላይ ማሠራት ተጀመረ። ሳን ሆዜና ሳንታ ክላራ የሚገኙባት ሸለቆ ራሷ የቆመችው በሐሳብ እጥረት አልነበረም፤ ያቆማት የነፋሱ ሲሶ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ይህ ሁሉ የቆለኛ ችግር ነው፤ ደጋ ላይ ቱርቦ የተቀማን መመለስ ስለሆነ ዕዳ የለበትም ሊባል ይችላል። እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የደጋ አየር ሲሳሳ የሚያጎድለው እሳቱን ብቻ አይደለም፤ የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ቮልስ በሁለቱም በኩል ስለሚጎድልበት ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይግላል፣ ትንሹ ነፋስ ይበቃዋል። ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል የቆየው በመካኒኮቻችን እጅ ብቻ ሳይሆን፣ ከፍታው አቅሙን ሁሉ እንዳያወጣ ስለከለከለውም ይመስለኛል። ቱርቦ የባሕር ዳር እሳት ሰጥቶ በደጋ ነፋስ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። መልሶ መስጠትም እንግዲህ መውጫ ይፈልጋል።

ሰው ራሱ ከፍታን የተቋቋመበት መንገድ ይህንኑ ይመሰክራል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች አየሩ ሲሳሳ ሰውነታቸው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ ደማቸው ይወፍራል። በጥቂቶቹ ላይ ይህ ጭማሪ ከልክ ያልፍና በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም የሚጠራውን ሕመም ያመጣል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ በስሜን ተራሮች፣ አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን የመረመረ ነው። የእነዚህ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው አይለይም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም እንደዚያው ነው። ደሙን ሳያወፍሩ፣ ጭማሪ ሳይጭኑበት ከፍታውን ኖረውበታል። አካል ሊቀበለው ከሚችለው ጋር መስማማት እንደ ጎደሎነት የሚቆጠርበት ዘመን ላይ ስለሆንን ይህ ውጤት ከሕክምና ያለፈ ትርጉም ያለው ይመስለኛል።

በዚህ በሰላጤው አካባቢ የሚኖረው ወገን ከደጋ ሲወርድ አየሩ በሲሶ ጨምሮለታል ብዬ ነበር። ሌላውም ነገር ተጨምሮለታል፦ ሁለተኛ ሥራ፣ ሦስተኛ ፈረቃ፣ የትርፍ ሰዓት፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ወንድም። ገቢው ሲያድግ ሁሉም ያያል፤ ባንኩም፣ ዘመዱም፣ እሱም። ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ግን የሚለካው የለም። ማራገቢያው ዙርን እንጂ ሸክምን እንደማያውቅ፣ ቀኑም ለሁሉም ያው 24 ሰዓት ሆኖ ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ድህነትን ላወድስ አልፈልግም። ሩብ ጉልበቱን የተቀማ ሰው ሊመለስለት ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ሊጨምር መፈለጉ ነውር የለውም። ቡኺም የተመኘው የሚባክነውን ማዳን ነው፤ ይህም የክብር ምኞት ነው። ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ፍሪሞንት ላይ ያለው፣ የኦክላንድን የሼቭሮሌት ሥራ የወረሰው ፋብሪካ ዛሬ ቴስላን ይሠራል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ለእሱ ኦክላንድም እንጦጦም አንድ ናቸው። የደገኛው ጥያቄ ተፈታ የሚል ይኖራል። በባትሪው ውስጥ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የመግቢያው በር ጥያቄ ቀርቷል፤ የመውጫው በር ጥያቄ በሌላ ስም አለ።

ስለዚህ ያ 914 የገዛው ሰው ቱርቦ ልግጠም ብሎ ቢጠይቀኝ አትግጠም አልለውም። የምነግረው ተራውን ነው። በመጀመሪያ ሞተሩን የሚከብበው ቆርቆሮና ጎማ ሙሉ መሆኑን እይ፤ ከታች የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ላይኛው መግቢያ ከተሳበ ማራገቢያው የሚነፋው እሳት ነው። ቀጥሎ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ግጠም። ከዚያ የቴስታታውን ሙቀት የሚያሳይህን መለኪያ ከካንዴላው ሥር አስገባ፤ ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ እሱን ማየት ልመድ። ቱርቦውን ስትገጥም ደግሞ የመጠቅጠቂያውን ልክ ቀንስ። ዌስትጌቱ በትንሽ ግፊት እንዲከፈት አድርግ፤ በአብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ማደያዎች የሚሸጠው ምርጡ ቤንዚን 91 ኦክቴን ስለሆነ ከዚያ በላይ ቢያንኳኳ አይፈረድበትም። መንገድ ጨርሰህ ስትቆምም ወዲያው አታጥፋው፤ ከባድ መኪና የሚነዱ ሹፌሮቻችን እንደሚያደርጉት ጥቂት አቆየው፤ በቱርቦው ኩሽኔታ ላይ ያለው ዘይት እንዳያርር።

ከቆርቆሮው እስከ ሙቀት መለኪያው ያለውን ሲጨርስ ገና አንድ ፈረስ እንኳ አልጨመረም። ቱርቦው ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው። ሆኖም ሥራው ከግማሽ በላይ ተሠርቷል፤ መኪናውም ከበፊቱ የተሻለ መኪና ሆኗል። ምናልባት እዚህ ላይ ቢያቆም የሚጎድልበት ነገር እንደሌለ ይገባው ይሆናል። ቢቀጥልም መብቱ ነው፤ አሁን የሚጨምረው ጉልበት የሚወጣበት በር አለው።